ጥቁር ለደረሰው፤ በር መዝጋት ወይስ መውረር?

ኳስ አፍቃሪ ሰኞ ጠዋት ጋዜጣ ሲገልጥ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ነው። ማን መራ? ማን ወራጅ ቀጣና ገባ? ጊዮርጊስና ቡና በስንት ነጥብ ተራራቁ? የአርሰናል ደጋፊ ከሆነማ ደጋግሞ ያነበዋል፤ ሲያነቡት ቁጥሩ የሚለወጥ ይመስል። ይህ ሁሉ ሰው በየሳምንቱ የሚጠራው “ሰንጠረዥ” የሚለው ቃል ግን ነጥብ መደርደሪያ ከመሆኑ በፊት የጨዋታ ስም ነበር። ሕንዶች ቻቱራንጋ ያሉት፣ በፋርስና በአረቦች አፍ ሻትራንጅ የሆነው፣ አውሮፓ ደርሶ ቼዝ የተባለው ጨዋታ ሐበሻ አገር ሲገባ ሰንጠረዥ ተባለ። ስምንት በስምንት የተሰመረው መደቡ ነው ኋላ ስሙን ለደመወዝ ዝርዝርና ለፕሪሚየር ሊግ ደረጃ ያወረሰው።

ሰንጠረዥ የአገሬው ጨዋታ ነው ሲባል ታዲያ ስሙ ብቻ አይደለም። ዛሬ በየካፌው ጥግ ቼዝ ዘርግቶ ጥቁር ጠጠር የደረሰውን ሰው ሁሉ የሚያስጨንቀውን ጥያቄ ይህ የድሮ ጨዋታ በራሱ መንገድ መልሶት ነበር። ጥያቄው ኳስ ለሚከታተል ሰው እንግዳ አይደለም። ቀድሞ የሚጀምረው፣ ሜዳውም ተመልካቹም የእሱ የሆነው ተጋጣሚ ሲመጣ በር ዘግቶ መጠበቅ ይሻላል ወይስ ወጥቶ መግጠም?

ከእንደርታ እስከ የጁ

ከወልድያ ተነስቶ በዋናው መንገድ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ቆቦ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ዋጃ፣ አላማጣ፣ ሽቅብ ደግሞ ኮረምና ማይጨው እያለ ይቀጥላል። በግራ የላስታ ተራሮች ግድግዳ ሆነው ቆመዋል፣ በቀኝ የዞብል ጋራ አለ፣ መሀሉ ለጥ ያለው የራያ ሜዳ ነው። ይህ ሜዳ በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ በሁለት ሰንጠረዥ በሚያውቁ አገሮች መካከል ነበር። በስተሰሜን የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1805፣ ኋላም በ1809 እና 1810 የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራሱ ሰንጠረዥ ወዳጅ እንደነበሩ ጽፏል። በስተደቡብ ደግሞ የጁ አለ፤ የጎንደርን ነገሥታት በሞግዚትነት ይዘው እስከ 1853 ድረስ አገር የገዙት መሳፍንት የወጡበት። በመጨረሻው የየጁ ሰው በራስ ዓሊ ዘመን ቆንስል ሆኖ የተሾመው ዋልተር ፕላውደንም የሰንጠረዡን አጨዋወት በዝርዝር ጽፎ ትቶ ነው የሞተው። መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1868 ነው።

ተጓዦቹን ያስገረማቸው አንዱ ነገር ጫጫታው ነው። አውሮፓ ውስጥ ቼዝ ሲጫወቱ እንደ ቤተ መጻሕፍት ዝም ነው። እዚህ ግን ዙሪያውን የቆመው ሁሉ፣ አሽከሩ ሳይቀር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ “እሱን ብላው! በፈረስ ዙር!” እያለ ያማክራል። የካታንጋ ተመልካች ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ሩቅ አይደለም።

መጫወቻው እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ ሰሌዳ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፤ መስመሩ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ ይለያል። ንጉሥ አለ፣ ከአጠገቡ ፈርዝ አለ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር እና መደቅ አሉ። ፈርዝ የዛሬዋ ንግሥት ቦታ ላይ ይቁም እንጂ ጉልበቱ አንድ እርምጃ በሰያፍ ብቻ ነው። ፊልም በሰያፍ ዘሎ ሁለተኛው መደብ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ አያልፍም። ደር ያው ሩክ ነው። መደቅ እግረኛ ወታደር ነው፤ እንደ ዛሬው መጀመሪያ ላይ ሁለት እርምጃ መዝለል አልተፈቀደለትም።

እንዲህ ቀርፋፋ ጠጠሮች ያሉት ጨዋታ በተራ እየተባባሉ ቢጀምሩት እስኪጋጠሙ ይመሻል። ሰንጠረዥ ተጫዋቾች ግን ለዚህ መላ ነበራቸው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ባላጋራዎች በአንድ ጊዜ እጃቸውን ይሰዳሉ፣ ያሻቸውን ጠጠር ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሦስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው አምስት ጊዜ ቢያንቀሳቅስ የሚያፏጭ ዳኛ የለም። አንድ ዓይን የራስን አሰላለፍ፣ አንድ ዓይን የባላጋራን አሰላለፍ ያያል፤ እሱ በቀኝ ሲያሰባስብ ይህኛው ያንን አይቶ ያስተካክላል። ይህ ሩጫ የሚቆመው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያ በኋላ ነው በተራ በተራ የሚባለው። የዚህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስም ወረራ ነው።

ስሙን ልብ ይሏል። መከላከል አላሉትም፣ አሰላለፍም አላሉትም፣ ወረራ ነው ያሉት። ሁለቱም ወገን ይወራል። ቀድሞ የጀመረ፣ ተከታይ ሆኖ የሚያሳድድ የሚባል ነገር የለም።

አሸናፊነትም ደረጃ ነበረው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ ያው ማሸነፍ ነው፣ ነገር ግን ብዙ አያስወራም። በፊል ወይም በፈርዝ የያዘ ይመሰገናል፤ በመደቅ የያዘማ ስሙ ይነሳል። ዛሬ ኳስ ላይ “ማሸነፉን አሸነፉ፣ ግን አጨዋወታቸው…” የሚለው ሰው ያን ጊዜም ነበር ማለት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የዚህን ጨዋታ ታሪክና ሕግ ሰብስቦ ሲያሳትም ግን ሰንጠረዥ እየጠፋ ነበር። ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ወዲህ የሚጫወተው ሰው እያነሰ ነው የሄደው። በምትኩ ቼዝ መጣ፤ ወረራም ቀረ።

ሁለተኛ መጀመር

በቼዝ ነጭ ቀድሞ ይጀምራል፣ በቃ። አንድ እርምጃ ምንም አይመስልም። ግን በታላላቅ ተጫዋቾች መካከል የተደረጉ ጨዋታዎች ተሰብስበው ሲቆጠሩ ነጭ ከመቶው ነጥብ 54 ወይም 55 ገደማውን ይወስዳል። በኳስ ቋንቋ ነጭ በሜዳው የሚጫወተው ቡድን ነው። እና ማንም ተጫዋች ግማሹን ጨዋታ በጥቁር መጫወቱ አይቀርም። በነጭ ብቻ ጎበዝ መሆን በሜዳው ብቻ እንደሚያሸንፍ ቡድን መሆን ነው፤ ዋንጫ አያመጣም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው “ጥቁር ነኝ፣ እኩል ከወጣሁ ይበቃኛል” ብሎ በር ይዘጋል። ወታደሮቹን ደርድሮ፣ ንጉሡን አስጠልሎ፣ ባላጋራው እስኪሳሳት ይጠብቃል። ሁለተኛው ደግሞ “መሀል ሜዳውን መጀመሪያ ትይዘዋለህ፣ ያዘው፣ እኔም ከያዝከው በኋላ እመታሃለሁ” የሚል ነው። የቼዝ ሰዎች ይህን ንቁ መከላከያ ይሉታል። በሰንጠረዥ ቋንቋ ቢነገር ዘግይቶ የሚነሳ ወረራ ነው።

ይህን የሁለተኛውን ሰው ነገር ለራያ ገበሬ ማስረዳት ብዙ አያደክምም። ክረምት ሲገባ ቆቦ ሜዳ ላይ የሚዘንበው ዝናብ አስተማማኝ አይደለም። ምዕራቡ ተራራ ላይ ሲዘንብ ግን ጎርፉ በጎሊናና በሆርማት በኩል እያጓራ ይወርዳል። ቀድሞ የሚጀምረው ደጋው ነው፤ ቆላው ተቀባይ ነው። ይህን ጎርፍ ፊት ለፊት ቆሞ አቆመዋለሁ የሚል ገበሬ የለም፣ ይጠርገዋል። ሸሽቶ የሚያሳልፈውም ማሽላው ውኃ ሳያገኝ ይቀራል። የሚያዋጣው ቀድሞ በአፈርና በቅርንጫፍ መጥለፊያውን ሠርቶ፣ ቦዩን ከፍቶ፣ የመጣውን ጎርፍ በጎን ወደ ማሳ መመለስ ነው። ያው ውኃ ነው፤ ደለሉም ጭምር ለማሳው ይሆናል። ነገር ግን ሰዓት አለው። ጎርፉ በሌሊት መጥቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልፋል። ቦዩ ሳይዘጋጅ የደረሰ ጎርፍ ወይ ያመልጣል ወይ ማሳውን ይቆርጠዋል።

በጥቁር ንቁ መከላከያ የሚጫወት ሰው ችግሩም ዕድሉም እዚህ ላይ ነው። ነጭ መሀል ሜዳውን ሞልቶ እንዲመጣ መተው ይቻላል፣ ግን መጥለፊያው ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። የመቺያዋ ሰዓት ካለፈች ጥቁሩ ንቁ ሳይሆን የታነቀ ይሆናል።

ሬክያቪክ፣ 2 ለ 0

እ.ኤ.አ. 1972፣ አይስላንድ። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ከዓለም ሻምፒዮኑ ቦሪስ ስፓስኪ ጋር ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፈ። ሁለተኛውን “ካሜራው ይረብሸኛል” ብሎ ሳይመጣ ቀረ፣ በፎርፌ ተሸነፈ። 2 ለ 0። ከዚያም በላይ ፊሸር ከዚያ ዕለት በፊት ስፓስኪን አሸንፎት አያውቅም፣ አንድም ቀን። ሐምሌ 9 ቀን 1964 ዓ.ም. ሦስተኛው ጨዋታ ከመድረክ ጀርባ ባለ ክፍል፣ ካሜራ በሌለበት ተደረገ። ፊሸር የደረሰው ጥቁር ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? በር ይዘጋል፣ አንድ እኩል ነጥብ ይዞ ይተነፍሳል። ፊሸር ግን ቤኖኒ የሚባለውን መከላከያ መረጠ። ቤኖኒ ውስጥ ጥቁር ገና በጠዋቱ መሀል ሜዳውን ለነጭ ይለቃል፣ በምትኩ ቢሾፑ በረጅሙ ሰያፍ መስመር ያያል፣ ንግሥቲቱ ወገን ያሉት ወታደሮች ለመሮጥ ይዘጋጃሉ። ይህም አልበቃው። በ11ኛው እርምጃ ፈረሱን ሰሌዳው ዳር ወስዶ ኤች5 ላይ አቆመው። መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ “ፈረስ ዳር አይወጣም” ብሎ ነው ያደገው። ስፓስኪም በቢሾፑ በላው፤ የፊሸር ንጉሥ ፊት ያሉት ወታደሮች ተበላሽተው እላይ በላይ ተደራረቡ። ሲያዩት የፈረሰ አጥር ነው። ነገር ግን ስፓስኪ ያን ለመብላት ጥሩ ቢሾፑን ሰጠ፣ ፊሸር ደግሞ ንግሥቱን ይዞ ወደ ነጭ ንጉሥ ሄደ። ጨዋታው ለማግሥቱ ተላለፈ። በማግሥቱ በፖስታ የታሸገችው እርምጃ ስትከፈት ስፓስኪ አይቶ እጁን ሰጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ነው፤ ፊሸር 12 ተኩል ለ8 ተኩል አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ዋናው ነገር ግን 2 ለ 0 ሲመራ ያን ዓይነት መከላከያ መምረጡ ነው። ያን ቀን የተሸነፈ ቢሆን “እብድ” ይባል ነበር።

እኩል መውጣት ሲበቃ

የጋሪ ካስፓሮቭ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1985 ሞስኮ። 23 ጨዋታ ተደርጓል፣ ካስፓሮቭ 12 ለ11 ይመራል። አንድ ጨዋታ ቀርቷል። ሻምፒዮኑ አናቶሊ ካርፖቭ ካሸነፈ 12 ለ12 ይሆናል፣ ዘውዱም እሱ ጋር ይቀራል። ለካስፓሮቭ እኩል መውጣት ይበቃል። ጥቁር የደረሰው ደግሞ ካስፓሮቭ ነው።

የኳስ ሰው ይህን ሰዓት ያውቀዋል። የመልሱ ጨዋታ ነው፣ በሰው ሜዳ ነው፣ 0 ለ0 ያሳልፋል። አሰልጣኙ አምስት ተከላካይ ያሰልፋል። የ22 ዓመቱ ካስፓሮቭ ግን ሲሲሊያን ነው የተጫወተው። ካርፖቭም ማሸነፍ ስላለበት ወታደሮቹን በንጉሡ ወገን ገፍቶ መጣ። ካስፓሮቭ አልደነገጠም፤ ሁለቱን ሩኮች ከአንዲት ወታደር ጀርባ አንዱን ከአንዱ በላይ ደረደራቸው። ለሚያይ ሰው ተደብቀው ነበር የሚመስሉት። ካርፖቭ ሲገፋ ሲገፋ መሀል ሜዳው ሲከፈት እነዚያ ሩኮች ወጡ። በ42ኛው እርምጃ አለቀ፣ 13 ለ11። በዘመኑ እንደሱ በወጣትነት የዓለም ሻምፒዮን የሆነ አልነበረም። ያን ክብር የነጠቀው ሕንዳዊው ጉኬሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሲንጋፖር ላይ በ18 ዓመቱ። እሱም ቢሆን የመጨረሻውን፣ 14ኛውን ጨዋታ ያሸነፈው በጥቁር ነው። ነጭ የደረሰው ዲንግ ሊሬን እኩል ለመውጣት ሲያመቻች አንዲት ስህተት ሠርቶ ዘውዱን አስረከበ።

ለፍትሕ ሲባል ግን ሌላኛውም ወገን ዋንጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ ቭላድሚር ክራምኒክ ይህንኑ ካስፓሮቭን ሲገጥም በጥቁር በርሊን የሚባለውን መከላከያ አመጣ። ንግሥቶቹ ገና በጠዋት ተለዋውጠው ይወጣሉ፣ ጨዋታው ይደርቃል፣ ነጭ ግድግዳ ይገፋል። ካስፓሮቭ በዚያ ውድድር አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ 8 ተኩል ለ6 ተኩል ተረታ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሞሪንሆ ኢንተር ሚላንም ካምፕ ኑ ላይ ሞታ በ28ኛው ደቂቃ በቀይ ከወጣበት በኋላ እንዲሁ አደረገ፤ 1 ለ0 ተሸነፈ፣ በድምር 3 ለ2 አለፈ። መዝጋት ይሠራል። ነገር ግን አንድ ነገር ይረሳል፤ ኢንተር ያን ቀን ሊዘጋ የቻለው ሚላን ላይ 3 ለ1 አሸንፎ ስለነበር ነው። ክራምኒክም እንዲዘጋ ያስቻለው የዓመታት ዝግጅትና የእሱ ችሎታ ነው። ጀማሪ በር ሲዘጋ ብዙ ጊዜ ራሱን ነው የሚቆልፈው።

ኢትዮጵያውያንም ይህን በኳስ ያውቁታል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። የይድነቃቸው ተሰማ ልጆች ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ፣ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት፣ 4 ለ2። ልክ በ51 ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኔልስፕሩት ላይ የሰውነት ቢሻው ቡድን የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠመ። ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ ጎል ገባበት። ጎዶሎ ሆኖ ወጥቶ ተጫወተ፣ አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ አገባ፣ 1 ለ1። በዚያ ቀን በር ዘግቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም አያነሳውም ነበር።

የትኛውን?

ወደ ሰሌዳው እንመለስ ከተባለ፣ ቆቦም ሆነ መርካቶ ለተቀመጠ፣ የመጽሐፍ ክምር ለሌለው ተጫዋች ምርጫው ብዙ አይደለም። ነጭ ብዙ ጊዜ ከሁለት በአንዱ ይጀምራል። ወይ የንጉሡን ወታደር ሁለት እርምጃ ገፍቶ ኢ4 ላይ ያቆማል፣ ወይ የንግሥቲቱን ዲ4 ላይ።

ለኢ4 መልሱ ሲሲሊያን ነው፤ ሲ5። ሒሳቡ ቀላል ነው። ነጭ ዲ4 ብሎ ሲመጣ ጥቁር በዚያች በዳር በኩል ባለች ወታደር የነጭን የመሀል ሜዳ ወታደር ይበላል። ነጭ በፈረስ ይመልሳል። ሲታይ እኩል ልውውጥ ነው፣ ግን ጥቁር ሁለት የመሀል ወታደር ቀርተውታል፣ ነጭ አንድ። የሲ መስመርም ለጥቁር ሩክ ተከፍቷል። ነጭ ቀድሞ ይሮጣል፣ ጥቁር ግን እስከ መጨረሻው የሚቆይ ነገር ይዟል። ጨዋታው ሚዛኑን የጠበቀ አይደለም፣ ሁለቱም ወገን ለማሸነፍ ነው የሚጫወተው። ሲሲሊያን ፈረንጆቹ የሚወዱት ለዚህ ነው።

ለዲ4 ደግሞ የንጉሥ ሕንዳዊ የሚባለው መከላከያ አለ። ፈረሱ ኤፍ6፣ ወታደሩ ጂ6፣ ቢሾፑ ጂ7፣ ሌላው ወታደር ዲ6፣ ከዚያ ንጉሡ ይጠለላል። ነጭ እስከዚያ መሀል ሜዳውን በሦስት አንዳንዴም በአራት ወታደር ሞልቶታል። ጎርፉ ወርዷል። አሁን ኢ5! ነጭ ገፍቶ ከዘጋው ሜዳው ለሁለት ይከፈላል። ነጭ በንግሥቲቱ ወገን ይሮጣል፣ ጥቁር በንጉሡ ወገን ኤፍ5፣ ኤፍ4፣ ጂ5 እያለ ወደ ነጭ ንጉሥ ይወርዳል። ማን ቀድሞ ይደርሳል ነው ነገሩ። ነጭ የሚያገኘው ወታደር ወይም ጠጠር ነው፤ ጥቁር ቀድሞ ከደረሰ የሚያገኘው ንጉሡን ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የሚያዋጣበት ሌላም ምክንያት አለ። በሲሲሊያን ውስጥም ቢሾፑን ጂ7 ላይ የሚያስቀምጥ አጨዋወት አለ፣ ድራጎን ይሉታል። የወታደሮቹ ቅርፅ በሰማይ ላይ ድራጎን ከሚባለው የከዋክብት ስብስብ ይመሳሰላል ተብሎ ነው ይባላል። ስለዚህ ነጭ በምንም ቢጀምር የጥቁር ቢሾፕ ቤቱ ጂ7 ነው፣ ሰያፉም ያው ነው። አንድ ሰው በዓመት ብዙ ጨዋታ ባይጫወት እንኳ ያንን ቢሾፕ ይለምደዋል። ምን ለምን እንደሚጠብቅ፣ መቼ መስመሩ እንደሚከፈት በእጁ ይገባል። ነጭም ይህን ያውቃል፤ ኤች6 ላይ የራሱን ቢሾፕ አምጥቶ ሊለውጠው ይሞክራል። እሱ ከተለወጠ የጥቁር ንጉሥ በረኛው በቀይ የወጣበት ጎል ነው።

ሌሎችም አሉ። ቤኖኒ የፊሸር ነው፣ ግን ለጀማሪ ይከብዳል፤ ቦታ ይጠብበታል፣ ሰዓቷን ከሳተ መተንፈሻ የለውም። የሆላንዱ ኤፍ5 ጥቃት ለሚወድ ሰው ይስባል፣ ነገር ግን የራስን ንጉሥ በር በገዛ እጅ መክፈት ነው። ኢ4ን በዲ5 ፊት ለፊት የሚመታው ስካንዲኔቪያን ለመማር ቀላል ነው፣ ንግሥቲቱ ግን ቶሎ ወጥታ ትባረራለች። ፈረንሳዊውና ካሮ ካን ጠንካራ ናቸው፣ ከበር ዘጊዎቹ ወገን የሚመደቡ ናቸው፤ ክፉ አይደሉም፣ የዚህ ሰፈር ሰዎች አይደሉም እንጂ።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል። ኮምፒውተር የንጉሥ ሕንዳዊውን አይወደውም። ማሽኖቹ ያንን ሁሉ መሀል ሜዳ ለነጭ መተው ያስከፍላል ብለው ነው የሚያሰሉት። ካስፓሮቭም ራሱ ዕድሜ ልኩን ሲጫወተው ኖሮ በ1990ዎቹ መጨረሻ ክራምኒክ ደጋግሞ ሲመታበት ተወው። እውነት ነው። ነገር ግን ክራምኒክ ከቆቦ ካፌ ጥግ አይቀመጥም። እዚያ የሚቀመጠው ነጭ ተጫዋች ከ12ኛው እርምጃ በኋላ መጽሐፉ ያለቀበት፣ ከፊቱ ያለው ንጉሥ ላይ ወታደር ሲወርድ ሲያይ ግራ የሚገባው ሰው ነው። እዚህ ላይ ማሽኑ የሚቆጥራት ትንሽ ብልጫ ትርጉም የላትም፤ ማን ዕቅድ እንዳለው ነው ጉዳዩ።

ለማንኛውም መጀመሪያ የሚለማመደው ነገር መክፈቻውን በቃል መያዝ አይደለም። ኢ5 ወይም ሲ5 የምትገፋበትን ሰዓት ማወቅ ነው። ንጉሡ ሳይጠለል አይገፋም፤ ከተጠለለ በኋላ ደግሞ ሁለትና ሦስት እርምጃ “እስቲ መጀመሪያ ይህን ላስተካክል” እያለ የሚቆይ ሰው ነጭ በዚያችው ጊዜ መሀል ሜዳውን አንድ መስመር አሻግሮ ይገፋበታል። ከዚያ ወዲያ የጂ7 ቢሾፕ ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ነው የሚተያየው።